ሕዝብ ያልተቀበላቸው የገንዘብ መልኮች

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በታሪክ ክበብ አባሎች የተሰማ ንግግር)



በዛሬው በዓል እያንዳንዱ ክበብ የድካሙን ፍሬ እንዲያሳይ በተሰጠው ፈቃድ መሠረት፣ እኛም የታሪክ ክበብ አባሎች በአዳራሹ በስተግራ በኩል ባለው ጠረጴዛ ላይ ጥቂት የቆዩ ገንዘቦችን ደርድረናል። ገንዘቦቹ የእኛ አይደሉም፤ ወላጆቻችንና አያቶቻችን ከየሣጥናቸው አውጥተው በዐደራ የሰጡን ናቸው። ስለ ገንዘብ የሚናገር ሰው ብዙውን ጊዜ የሚናገረው ሰው ሁሉ ስለሚፈልገው ገንዘብ ነው። እኛ ግን ዛሬ የምንናገረው ሰው አልቀበልም ስላለው ገንዘብ፣ ይልቁንም ስለ መልኩ ሲባል ስለ ተናቀው ገንዘብ ነው። ዓመት ስንጠቅስ በአገራችን አቆጣጠር የሆነውን ዓመተ ምሕረት፣ በፈረንጆች የሆነውን እ.ኤ.አ. እያልን ስለምንለይ በዚህ እንዳትሳሳቱ አስቀድመን እናሳስባለን።

በየዓመቱ የሚወጣን ሥዕል እያነጻጸሩ «ይህ አምሯል፣ ያ ከፍቷል» ማለት በየአገሩ ያለ ነገር ነው። በአሜሪካ አገር ልጆችም አዋቂዎችም የቤዝቦል ተጫዋቾች ሥዕል ያለባቸውን ካርዶች ይሰበስባሉ። ቶፕስ የተባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1952 ትልቁን ስብስብ ካወጣ ወዲህ በየዓመቱ አዲስ መልክ ሲወጣ ክርክሩ አልቆመም። እ.ኤ.አ. በ1962 እና በ1987 ቶፕስ የካርዱን ዙሪያ እንጨት አስመስሎ ቢያወጣው ግማሹ ወደደው፣ ግማሹ ጠላው። ፍሊር የሚባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1991 የካርዱን ዙሪያ ሁሉ ደማቅ ቢጫ ቢያደርገው እስከ ዛሬ የሚሣቅበት ሆኖ ቀርቷል። ይሁን እንጂ የካርድ መልክ ቢከፋ የሚጎዳ ሰው የለም። ያልወደደው አይገዛም፣ የገዛውም በሣጥን ይጥለዋል። የገንዘብ መልክ ግን እንደዚህ አይደለም። እህል ሻጯ በእጇ አገላብጣ አይታ «ይህን አልቀበልም» ያለች እንደ ሆነ፣ ገዢው ባዶ ስልቻውን ይዞ ወደ ቤቱ ይመለሳል።

በአገራችን ከሁሉ ይልቅ የተወደደው የገንዘብ መልክ የሴት መልክ ነበረ። ይኸውም አባቶቻችን ጠገራ ብር ወይም ማርትሬዛ እያሉ የሚጠሩት ሲሆን፣ የኦስትሪያ ንግሥት የነበረችው የማሪያ ቴሬዛ ምስል ያለበት ነው። ንግሥቲቱ የሞተችው እ.ኤ.አ. በ1780 ነው። ከሞተች በኋላ ግን በስሟ የሚመታው ብር አልቆመም፤ የተጻፈበትም ዓመት ሳይለወጥ ሁልጊዜ 1780 እየተባለ ይመታ ነበር። ክብደቱ 28 ግራም ከጥቂት ነው፤ ከስድስቱ እጅ አምስቱ ንጹሕ ብር፣ አንዱ እጅ ሌላ ማዕድን ነው። ከቀይ ባሕር ማዶ ከየመን ጀምሮ እስከ ሱዳንና እስከ አገራችን ውስጥ ድረስ ነጋዴ ሁሉ ያውቃት ነበር።

ለምን ተወደደች ብለን ስንጠይቅ የመጀመሪያው መልስ የሚገኘው በሥራዋ ነው። የንግሥቲቱ ምስል ከፍ ብሎ የተቀረጸ ነው። በራሷ ላይ ያለው የሉል ጌጥ፣ በትከሻዋ ላይ ያለው ጌጥ፣ የሻሿ እጥፋት ሁሉ በጣት ሲዳሰስ ይታወቃል። ብሩ በብዙ እጅ ታሽቶ ካለቀ ሉሉ ጠፍቶ ይታያል። ዳሩን ፍቆ ብሩን ሊሰርቅ የሚሻም ሌባ ቢኖር፣ በጠርዙ ዙሪያ የላቲን ጽሑፍ ስላለበት ፊደሉ ሲጎድል ወዲያው ይጋለጣል። ስለዚህ ሚዛንና መፈተኛ ያልነበረው ገበሬ ዓይኑንና አውራ ጣቱን እንደ ሚዛን አድርጎ ይሠራባቸው ነበር።

ይህን ከመጽሐፍ ብቻ አላገኘነውም። ከክበባችን አባሎች የአንደኛዋ አያት ዐደራ የሰጡንን ብር ለመጠየቅ ወደ ቤታቸው በሄድን ጊዜ፣ ሁለት ገንዘብ በፊታቸው አኖርን፤ አንዱ ጠገራ ብር፣ ሁለተኛው ከሌላ ቤተ ሰብ የተዋስነው የዐፄ ምኒልክ ብር ነበረ። እሳቸውም ጠገራውን አንሥተው አውራ ጣታቸውን በምስሉ ትከሻ ላይ አሳለፉና «እናቴ እንደዚህ ስታደርግ አይቻለሁ፤ ይህ ካልሻከረ አትቀበልም ነበር» አሉን። የምኒልክን ብር ስናሳያቸው ግን «ይህስ የማን ነው?» ብለው ጠየቁ።

የዛሬው ንግግራችን ዋና ነገር የሚነሣውም ከዚህ ጥያቄ ነው።

ዐፄ ምኒልክ አገራቸው የራሷ ገንዘብ እንዲኖራት በ1885 ዓ.ም. ዐወጁ። ገንዘቡም በፓሪስ ከተማ ተመቶ 1887 ዓመተ ምሕረት የሚል ተጽፎበት ወጣ። በአንደኛው ፊት ዘውድ የደፉት ንጉሠ ነገሥት ምስል፣ በሁለተኛው ፊት ሰንደቅ የያዘ አንበሳ ተቀርጾበታል። ጽሑፉ በገዛ ፊደላችን ነው። ክብደቱና የብሩም ጥራት ከጠገራው ጋር የተስተካከለ፣ ለዓይንም ያማረ ነበረ። ከአንዱ ብር በታች አላድ፣ ሩብ፣ ተሙንና ግርሽ የሚባሉ ዝርዝሮች ነበሩት። ጠገራው ግን ዝርዝር አልነበረውምና ትንሽ ነገር የሚገዛ ሰው አሞሌ ጨው ይሰጥ ነበር፤ በአንዳንድ ስፍራም ጥይት እንደ ዝርዝር ሆኖ ይቆጠር ነበር። አሞሌ ደግሞ በዝናብ ይሟሟል፣ በመንገድ ይሰበራል፣ ከአፋር ጨው ሜዳ በራቀ ቁጥርም ዋጋው ይለዋወጣል። እንግዲህ የንጉሠ ነገሥቱ ገንዘብ በብዙ ነገር የተሻለ ነበረ ማለት ነው።

ሆኖም ሕዝቡ ትልቁን የምኒልክን ብር እንደ ታሰበው አልተቀበለውም። ትንንሾቹ ዝርዝሮች የተሻለ ዕድል አግኝተው ነበር፤ ትልቁ ብር ግን ከጠገራው ዋጋ በታች ይመነዘር ጀመር። የገዛ ንጉሡን መልክና የገዛ ፊደሉን ትቶ የሩቅ አገር ንግሥት መልክ የሚመርጥ ሕዝብ ምን ይባላል? በክበባችን ውስጥ ይህ ነገር ብርቱ ክርክር አስነሥቷል። ግማሾቻችን «ይህ ለአባቶቻችን ነውር ነው፤ በዐድዋ የዘመቱለትን ንጉሥ ምስል በገበያ መናቃቸው የማይገባ ነው» አሉ። ግማሾቻችን ደግሞ «ነጋዴ በገበያ የሚያየው ፍቅርን ሳይሆን ትርፍና ኪሳራን ነው» ብለው ተከራከሩ። ክርክሩ በአንድ ቀን አላለቀምና ሌሎች ያልተወደዱ ገንዘቦችን መርምረን እንድንፈርድ ተስማማን።

የመረመርነው ሁለተኛው ገንዘብ የኢጣልያኖች ነው። ኢጣልያኖች ኤርትራን በያዙ ጊዜ ጠገራውን ከገበያ ለማስወጣት ፈልገው እ.ኤ.አ. ከ1890 ጀምሮ የንጉሣቸውን የኡምቤርቶን ዘውድ የደፋ ምስል ያለበት ታለሮ የሚባል ገንዘብ አወጡ። የአገሩ ሰው ግን ጢማሙን ንጉሥ አይቶ መለሰው። እ.ኤ.አ. በ1896 ዐድዋ ላይ የሆነው ከሆነ በኋላም የዚያ ገንዘብ ነገር ተረሳ። እንደገና እ.ኤ.አ. በ1918 ሌላ ብልሃት ፈጠሩ። ሕዝቡ የሴት መልክ ይወድ እንደ ሆነ ብለው ማሪያ ቴሬዛን የምትመስል ሴት ቀርጸው፣ በጀርባውም ንስር አድርገው፣ ክብደቱንና ጥራቱን ከጠገራው አስተካክለው መቱ። በብሩ ምንም አላጭበረበሩም። ሕዝቡ ግን ያቺ ሴት ያቺ እንዳልሆነች ለይቶ ዐወቀና አልተቀበላትም።

ይህ ምርመራ ለክርክራችን ብርሃን ሰጠው። የምኒልክ ብርና የኢጣልያኖቹ ታለሮ በአንድ ነገር ይመሳሰላሉ፤ ሁለቱም አዲስ መልክ ናቸው። ሕዝቡ የናቀው ንጉሡን አልነበረም። በእጁ ዳስሶ፣ ከአያቱ ተምሮ፣ በሩቅ ገበያ ፈትኖ ያላረጋገጠውን ማናቸውንም መልክ ነው የናቀው። የሐረር ወይም የጎንደር ነጋዴ ጠገራውን ይዞ ባሕር ተሻግሮ ዕቃ ሊያመጣበት ይችላል፤ የምኒልክን ብር ይዞ ወሰን ቢሻገር ግን እንደ ተራ የብር ቁራሽ ተመዝኖ ይገመትበታል። እንግዲህ ያ ነጋዴ ሞኝ አልነበረም፣ ከሐዲም አልነበረም። ሥጋቱ ምክንያት ያለው ሥጋት ነበረ።

ነገር ግን ፍርዳችንን በዚህ ብቻ አንዘጋውም። እያንዳንዱ ሰው ለራሱ ትክክል የሆነውን ሲያደርግ አገር ሊጎዳ ይችላልና ነው። በ1860 ዓ.ም. እንግሊዞች ዐፄ ቴዎድሮስን ለመውጋት ወደ መቅደላ በዘመቱ ጊዜ ለስንቅና ለአጋሰስ የሚከፍሉትን ጠገራ ብር ከቪየና አስመትተው አመጡ። ኢጣልያም አገራችንን ለመውረር በተዘጋጀች ጊዜ አዲስ መልክ መፈልሰፉን ትታ፣ እ.ኤ.አ. በ1935 የማሪያ ቴሬዛን ብር የመምታት መብትና የቅርጹን ማኅተም ከኦስትሪያ መንግሥት ተቀብላ በሮማ ከተማ መምታት ጀመረች። እንግሊዞችም በበኩላቸው ከ1936 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በለንደን መቱ። ያቺ የምትታመን መልክ ጌታ አልነበራትም፤ ስለዚህ ወራሪም ቢሆን ሊያስመታትና አገሬውን ሊቀጥርባት ይችል ነበር። ዐፄ ምኒልክ በ1885 ዓ.ም. ያሰቡት ይህን ክፍተት ለመዝጋት ነበረ ብንል ከእውነት የራቅን አይመስለንም። ሕዝቡ አልቀበልም ባለ ጊዜ ምክንያት ነበረው፤ ንጉሡም ተቀበሉ ባሉ ጊዜ ምክንያት ነበራቸው። በሁለቱ ምክንያቶች መካከል የጎደለው ጊዜ ብቻ ነበረ።

ሦስተኛው ያልተወደደ ገንዘብ ወረቀቱ ነው። በ1898 ዓ.ም. የተከፈተው የአቢሲኒያ ባንክ ከ1907 ዓ.ም. ጀምሮ የወረቀት ገንዘብ አወጣ። ወረቀት ግን አይጮኽም፣ አይመዘን፣ በእሳት ይቃጠላል፣ አይጥ ይበላዋል። ጠገራ ብር ግን ድንጋይ ላይ ሲጥሉት ድምፁ ይታወቃል፤ ባጣ ጊዜም አንጥረኛ አቅልጦ መስቀል ወይም አምባር ያደርገዋል። ስለዚህ ወረቀቱ በባንክ ሠራተኞችና በታላላቅ ነጋዴዎች እጅ ተወስኖ ቀረ። በጠላት ወረራ ዘመንም የሊሬው ወረቀት በመጣ ጊዜ ብዙ ሰው ጠገራውን በማድጋ አድርጎ ከመሬት ቀበረው።

ወረቀት በአገራችን የተቋቋመው ሐምሌ 16 ቀን 1937 ዓ.ም. አዲሱ የኢትዮጵያ ገንዘብ በወጣ ጊዜ ነው። በዚያን ጊዜ ከቀድሞው የተገኘ ትምህርት ነበረ። ወረቀቱ ብቻውን አልመጣም፤ ከአሜሪካ መንግሥት በተገኘ ብር የተመታ የሃምሳ ሳንቲም ገንዘብ አብሮት ወጣ። ይህም ሕዝቡ «ሽልንግ» እያለ የጠራው ነው። ስሙ የተወረሰው ከነጻነት በኋላ ለጥቂት ዓመታት በአገራችን ይሠራበት ከነበረው የምሥራቅ አፍሪካ ሽልንግ ነው። ወረቀቱን የሚጠራጠር ሰው ቢያንስ ሽልንጉን በእጁ መዝኖ ይጽናና ነበር። በእነዚህ ሳንቲሞች ላይ የተጻፈው ዓመት 1936 ነው፤ ከዚያም ለብዙ ዓመታት ሲመቱ ዓመቱ አልተለወጠም። የማሪያ ቴሬዛ 1780 እንዳልተለወጠ ሁሉ ማለት ነው።

ከእነዚያም ሳንቲሞች መካከል አንዱ አልተወደደም፤ ወላጆቻችን ሁሉ የሚያውቁት ስሙኒ ነው። ሀያ አምስቱ ሳንቲም በመጀመሪያ ድፍን ክብ ሆኖ ከመዳብ የተሠራ ነበረ። መጠኑ ከሽልንጉ ጋር በጣም ስለ ተቀራረበ አታላዮች የብር ቀለም እያስነከሩ በሽልንግ ዋጋ ያወጡት ጀመር። በጨለማ ሱቅ ወይም በምሽት ገበያ የተቀበለ ሰው ግማሽ ዋጋውን ያጣል። ስለዚህ ክቡ ስሙኒ ተሰብስቦ፣ ዳሩ እንደ አበባ ቅጠል ተጎድጉዶ እንደገና ወጣ። ከዚያ ወዲያ ዓይነ ስውር እንኳ በጣቱ ሊለየው ቻለ። ሕዝቡ ባይነቅፍ ኖሮ ይህ ማሻሻል ባልተደረገ ነበር። በጠረጴዛችን ላይ ያለው ባለ ጥርስ ዳሩ ነው፤ ክቡን ለማግኘት አልቻልንም።

ከዚያ በኋላ መንግሥት በተለወጠ ቁጥር የገንዘቡ መልክ ተለውጧል። በ1969 ዓ.ም. የንጉሠ ነገሥቱ ምስል ከሳንቲሞቹ ላይ ወርዶ የአንበሳ ራስ ተተካ። በጀርባቸውም በሬ ጠምዶ የሚያርስ ገበሬ፣ ጠመንጃ የያዘ ሰው፣ የደጋ አጋዘን፣ እጃቸውን ወደ ላይ ያነሡ ወንድና ሴት ተቀረጹ። በ2002 ዓ.ም. አንድ ብር ከወረቀትነት ወደ ሳንቲምነት ተለወጠ፤ በላዩም ሚዛን አለበት። መስከረም 4 ቀን 2013 ዓ.ም. ደግሞ አዳዲሶቹ የ10፣ የ50 እና የ100 ብር ወረቀቶች ሲታወጁ የ200 ብር ወረቀት ለመጀመሪያ ጊዜ ወጣ። በዚያን ጊዜ እኛ ገና ልጆች ነበርን፤ ሆኖም በየቤታችን የተነሣውን ወሬ እናስታውሳለን። አንዱ ቀለሙን ያመሰግናል፣ አንዱ «የድሮው ገበሬ የት ሄደ?» ይላል፣ ሌላው በወረቀቱ ላይ ያለችውን ርግብ ለልጁ ያሳያል። የድሮውን ለመለወጥ የተሰጠው ጊዜ ሦስት ወር ስለ ነበረ፣ ወደደም ጠላም ሁሉም ለወጠ።

ከተማችን ሐዋሳ የተቆረቆረችው በ1950ዎቹ ዓመታት መጀመሪያ ስለ ሆነ፣ ከተማይቱ ከወረቀቱ ብር በዕድሜ ታንሳለች። ጠገራ ብር በሐዋሳ ገበያ ሕጋዊ መገበያያ የሆነበት ቀን የለም። ወደዚህ የመጣው በእናቶች ሣጥን ውስጥ ተቀምጦ፣ በአንገት ላይ ተንጠልጥሎ ነው። ነገር ግን ገንዘብን አገላብጦ የመመርመር ልማድ ከእኛ አልጠፋም። ወደ አሞራ ገደል ዓሣ ሊገዛ የሚሄድ ሰው የተቀደደና ፕላስተር የተለጠፈበት ብር ቢሰጥ «ሌላ ቀይርልኝ» ይባላል። የባጃጅ ሾፌሩም እንዲሁ ይላል። ከመቶ ዓመት በፊት ሉሉ የጠፋውን ጠገራ የመለሰችው ባልቴት በዛሬዋ ዓሣ ሻጭ ውስጥ አለች።

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ ምን እንማር?

አንደኛ፤ ሕዝብ አልቀበልም ያለውን ነገር «አላዋቂ ስለ ሆነ ነው» ብለን አንናቅ። ብዙ ጊዜ ምክንያቱ በአፉ ሳይሆን በጣቱ ላይ ነው። ክቡን ስሙኒ ያስለወጠው እንደዚህ ያለ ነቀፋ ነው። ነገ እኛ መሐንዲስ፣ ሐኪም፣ የባንክ ሠራተኛ ወይም ሹም ብንሆን አንድ አዲስ ነገር ለሕዝብ ስናቀርብ «ለምን አልተወደደም?» ብለን በትሕትና መጠየቅ ይገባናል።

ሁለተኛ፤ ለእኛ ለተማሪዎች የሚሆን ምክር ነው። አዲስ ነገር ሁሉ መልኩ ስላልተለመደ ብቻ መጥፎ አይደለም። ትልቁ የምኒልክ ብር ጊዜ ቢያገኝ ኖሮ ለአገራችን ብዙ በጠቀመ ነበር። ለአዲስ ነገር፣ በተለይም የገዛ ወገናችን ላፈራው አዲስ ነገር፣ የመፈተኛ ጊዜ መስጠት ከእኛ ይጠበቃል። መርምሮ መንቀፍ ዕውቀት ነው፤ ሳይመረምሩ መንቀፍ ግን ልማድ ብቻ ነው።

የክበባችንም ክርክር በዚህ ተፈጽሟል። አባቶቻችንን አላዋረድናቸውም፣ ንጉሡንም አላሳጣናቸውም። ሁለቱም ለየምክንያታቸው የታመኑ መሆናቸውን ተቀብለን ተስማምተናል።

በመጨረሻ ለወላጆቻችን አንድ ልመና አለን። በቤታችሁ ያለ ጠገራ ብር፣ የምኒልክ ግርሽ፣ ባለ ጥርሱ ስሙኒ ወይም የቆየ ወረቀት ካለ፣ በብሩ ዋጋ ብቻ ተመዝኖ እንዳይቀልጥ፣ ቆሻሻ መስሎም እንዳይጣል እንለምናለን። በአሸዋና በአመድም አትፈትጉት፤ ታሪኩ ያለው በላዩ ባለው ጥቁረትና በታሸው ምስል ላይ ነው። ለልጆቻችሁም ከማን እንደ መጣ፣ በምን እንደ ተገኘ ንገሯቸው፤ እኛም በደብተራችን እንጽፈዋለን። በተለይ ክቡ ስሙኒ ያለው ሰው ቢገኝ፣ ለአንድ ቀን እንኳ ቢያውሰን በዚያ ጠረጴዛ ላይ ባዶ ቦታ ትተንለታል።